ወረታ–ባሕር ዳር፣ ደርሶ መልስ

«ሰማሽ? አሁን ነቃ» አለ ወገኔ፣ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ ወደ ሞተሩ እያመለከተ።

አምሳል ሰምታለች። የጉማራን ድልድይ ተሻግረው ጥቂት እንደ ሄዱ፣ እስከዚያ ድረስ የጎማው ድምፅ ብቻ ይሰማበት የነበረው መኪና ከፊት በኩል ጎርነን አለ፤ እግራቸው ሥርም በስሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የባትሪው ምልክት ባዶ ሆኗል። ከዚህ ወዲያ እስከ ባሕር ዳር የሚወስዳቸው ቤንዚን ነው።

«ባትሪው አለቀ። ቆምን? አልቆምንም» አለ ወገኔ። «እኔ ስል የከረምኩት ይኸንን ነው።»

ከኋላ ወንበር ጋደም ያሉት አባታቸው አቶ ገሰሰ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ምንድን ነው የሚንቀጠቀጠው?» አሉ።

«ሞተሩ ነው አባየ። ቤንዚን ጀመረ።»

«እስካሁንስ በምን ነበር የምንሄድ?»

«በመብራት።»

አቶ ገሰሰ ነገሩን ትንሽ አሰቡበትና፣ «በመብራቱ መሄድ ምን አለው ታዲያ» ብለው ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡ። አምሳል ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ወገኔ አልሳቀም።

ዕለቱ ዓርብ ነው። አቶ ገሰሰ ኩላሊታቸው ሥራውን ካቆመ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል፤ ማክሰኞና ዓርብ ከወረታ ባሕር ዳር እየሄዱ፣ ማሽን ላይ ተኝተው ደማቸው ሲታጠብ አራት ሰዓት ይቆያሉ። እጥበት ደግሞ ዝናብ ነው፣ በዓል ነው፣ መንገድ ተበላሸ ቢሉት አይሰማም፤ ቀኑ ካለፈ ሰውነት ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ማክሰኞ አለፈባቸው። ወገኔ ያኔ በሚነዳው የሰው ሚኒባስ ነበር አባቱን የሚያመላልሳቸው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነዳጅ ወረፋ ገባ፤ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከፊቱ ሦስት መኪና ሲቀር ማደያው «አልቋል» ብሎ ዘጋ። የሌላውም ሰው መኪና እንደዚያው ነበር። አቶ ገሰሰ ባሕር ዳር የደረሱት ሐሙስ ዕለት፣ ሩዝ በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ፣ የልጃቸው የአምሳል ክንድ ላይ ተደግፈው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነው።

ተረፉ። አምሳል ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው መኪና መጠበቅ በቃኝ አለች። ወረታ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የሩዝ መፈልፈያ የእሷ ነው፤ ከባሏ ከተለያየች በኋላ ብቻዋን ያቆመችው፣ የፎገራ ገበሬ ሩዙን ይዞ ተራ የሚጠብቅበት ግቢ። መኪና ለመግዛት አብዛኛውን ገንዘብ እሷ ልታወጣ፣ ወገኔ ደግሞ የዕቁቡን ሊጨምር፣ ሚኒባሱን ለባለቤቱ መልሶ በሁለቱ ቀን አባታቸውን እያመላለሰ፣ በቀረው ኮንትራት እየሠራ ሊያሽከረክር ተስማሙ። በነዳጅ ብቻ የሚሄድ መኪና ሁለቱም ሊያዩት አልፈለጉም። ያልተስማሙት ከቀሩት የቱ ይሁን በሚለው ነው። ወገኔ የፈለገው በቻርጅም በቤንዚንም የሚሄደውን፣ ሃይብሪድ የሚሉትን ነው። አምሳል የፈለገችው ቤንዚን የሚባል ነገር ጨርሶ የማያውቀውን ነው።

ባሕር ዳር መኪና የሚነግደው ብሥራት ቀድሞ የሩዝ ነጋዴ ነበር፤ ዐሥር ዓመት ከአምሳል ወፍጮ ሩዝ ጭኗል። ሁለቱም ዓይነት ግቢው ውስጥ ነበረውና፣ ከምትጨቃጨቁ ሞክሯቸው አላቸው። በነጩ ሃይብሪድ አባታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ በግራጫው ኤሌክትሪክ ተመለሱ፣ እስከ እሑድም እናንተው ዘንድ ይዋል፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ንገሩኝ አለ። ወገኔ ረቡዕ ሄዶ፣ አብዛኛውን መንገድ በቤንዚን እየነዳ ነጩን አመጣው። አመሻሽ ላይ ገመዱን አውጥቶ ሊሰካው ሲል የከተማው መብራት ሄደ። ይኸው ሁለት ቀኑ። ወፍጮውም ከረቡዕ ጀምሮ ቆሟል፤ ሩዝ ይዘው የመጡት ገበሬዎች ግቢው ውስጥ ጆንያቸው ላይ እያደሩ ነው።

«አየሽ» አላት ወገኔ ሐሙሲት ሊገቡ ሲሉ፤ «ይኸ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ከወረታ አንወጣም ነበር። ሁለት ቀን መብራት የለም።»

«ሌላኛው ቢሆን ኖሮ ረቡዕ ከባሕር ዳር ይዘኸው በመጣኸው መብራት ብቻ ዛሬ ደርሶ ይመለሳል።»

«በወረቀት ላይ።»

ሐሙሲት ማደያው ፊት የተደረደረው መኪና ከከተማው ወጥቶ ሜዳው ላይ ደርሷል። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ጭነቱ አንዱ ካንዱ ጭራ ተለጥፏል። ሾፌሮቹ አንዳንዱ ከጀሪካን በሚያፈስሰው ውሃ ፊቱን ይታጠባል፣ አንዳንዱ በሩን ከፍቶ እግሩን አውጥቶ ተኝቷል። ወገኔ ፍጥነቱን ቀነሰ። የሚያውቃቸው ብዙ ናቸው፤ ከመካከላቸው የልጅነት ጓደኛው ዘመነ ሚኒባሱ ኮፈን ላይ ተደግፎ ሻይ ሲጠጣ አየውና በጡሩምባ ሰላም አለው። ዘመነ የማን መኪና ነው በሚል ዓይን እስኪርቁ ድረስ ተከተላቸው።

ወገኔ ልቡ ሞቀ። ሃይብሪዱ ለደርሶ መልስ ቢበዛ ስድስት ሊትር ይበቃዋል፣ ሚኒባሱ የሚጠጣውን አስቢው፣ ስድስት ሊትር ደግሞ ከየትም ከየትም አይጠፋም እያለ ያስረዳት ጀመር።

«ያን ማክሰኞስ የጠፋው ስንት ሊትር ነበር?» አለች አምሳል።

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የከበደው። ወገኔ ማስረዳቱን ትቶ ፍጥነቱን ጨመረ።

አባታቸውን ማሽኑ ላይ አስተኝተው፣ ነርሷ መርፌዎቹን ሰክታ እስክትጨርስ ቆመው ወደ ብሥራት ግቢ ሄዱ። ብሥራት በግራጫው መኪና ዙሪያ እየዞረ ወገኔ የጠየቀውን ሁሉ ይመልስለት ነበር፤ ወገኔም ለሃያ ዓመት መኪና የነዳ ሰው የሚጠይቀውን ጠየቀ። ወረታ ላይ ቢበላሽ ማን ይነካዋል? ብሥራት አልዋሸም፤ ወረታ ማንም የለም፣ ባሕር ዳር ሁለት ልጆች አሉ፣ እነሱም ገና እየተማሩ ነው አለ። የሃይብሪዱን ሞተር ግን ማንም ጋራዥ ይፈታዋል፤ የመብራት ወገኑን ነው የማይነኩት። ውሃስ? እስከ ጎማው ግማሽ ቢገባ ምንም አይሆንም፣ ባትሪው የታሸገ ነው። ስንት ይሄዳል? ወረቀቱ አራት መቶ ይላል፤ እኔ ነድቼ ያየሁት ሦስት መቶ ሃያ ነው። ሃይብሪዱ በባትሪው ብቻ ስንት? ሃምሳ፣ ቢበዛ ሃምሳ አምስት።

«አየህ» አለች አምሳል። «ለመሄጃ እንኳ አይበቃም።»

«ለቀረው ቤንዚን አለዋ።»

አምሳል አንድ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ነገሯ ረዥም እንደሚሆን ወገኔ ያውቃል። የናፍጣውን ሞተር ነገር አነሣችበት። ወፍጮዋን ከናፍጣ ወደ መብራት ያዞረች ጊዜ አሮጌውን ሞተር አልሸጠችውም ነበር፤ መብራት ሲሄድ ይተካል ብላ ጥግ አስቀምጣዋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ዘይቱን ስትቀይር፣ ቀበቶውን ስታስጠብቅ፣ ፊልትሮ ስትገዛ ኖረች። መብራት ሄዶ ልታስነሣው ስትሄድ ግን ወይ አልነሣም ይላል፣ ወይ ናፍጣ ከከተማው ጠፍቷል። መብራቱ በሄደ ቀን እንዲደርስላት ያስቀመጠችው ሞተር አንድም ቀን በሰዓቱ አልደረሰላትም። በመጨረሻ ለአንድ የይፋግ ሰው ሸጠችው።

ከዚያ በኋላ ነው መብራቱን ማጥናት የጀመረችው። የሄደበትን ቀንና ሰዓት፣ የመጣበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ትጽፋለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ከአራት ቀን በላይ የቆየበት ጊዜ የለም፤ አራት ቀን የቆየውም አንዴ፣ ጎርፍ ምሰሶዎቹን የጣለ ክረምት ነው። ስለዚህ ከወፍጮው ጎን ሰፊ መጋዘን ሠራች፤ መብራት ባለ ጊዜ ቀንም ማታም ትፈለፍላለች፤ በጠፋ ጊዜ ከመጋዘኑ ትሸጣለች።

«መብራት እንዳይጠፋ ማድረግ አልችልም» አለች። «ሲመጣ ግን ብዙ አድርጌ መያዝ እችላለሁ። የሃይብሪድህ ባትሪ ጣሳ ነው፤ የዚህኛው ጎተራ ነው። ሁለት ቀን ጨለማ ቢሆን፣ ሦስት ቀን ቢሆን፣ ጎተራው ሙሉ ከሆነ ማክሰኞም ዓርብም ያደርሳል።»

ብሥራት ራሱን ነቀነቀ። ወገኔ ግን የመኪናውን በር ከፍቶ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው።

«ሁሉም ልክ ነው» አለ። «ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ቤንዚን መንገድ ላይ ቢያልቅብኝ ከሚያልፈው መኪና አንድ ጀሪካን እለምናለሁ። መብራት በጀሪካን ይለመናል?»

አምሳል ከሳጥኑ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ብሥራት የግራጫውን ቁልፍ ለወገኔ ሰጠው።

ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ገሰሰ ወጡ። ከእጥበት የሚወጡት ሁሌም እንደ ታጠበ ጨርቅ ተጨምቀው ነው፤ ይበርዳቸዋል፣ መናገርም ይደክማቸዋል። ግራጫው መኪና ውስጥ አስገብተው ከኋላ አስተኟቸው። ወገኔ ሲያስነሣው ምንም ድምፅ ስላልሰማ ሁለት ጊዜ አስነሣው። ሰማንያ ሁለት ይላል የባትሪው ቁጥር። የዐባይን ድልድይ ሳያልፉ አቶ ገሰሰ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አምሳል ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በዚህ መንገድ ላይ ሲተኙ አይታቸው አታውቅም፤ የሚኒባሱ መንቀጥቀጥ ራስ ምታታቸውን ስለሚያስነሣው ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር የሚመለሱት። ይኸን ለወገኔ ልትነግረው ፈለገችና ተወችው። ጠዋት የተናገረችው ገና በመካከላቸው ተቀምጧል።

ሐሙሲት ላይ ዝናቡ ጀመረ። የነሐሴ ዝናብ ነው፤ የመስኮት መጥረጊያው እየሮጠም አልደረሰበትም። ወደ ጉማራ ሲቃረቡ የቆሙ መኪናዎች ጭራ አገኙ። ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን አልፎ፣ ከድልድዩ ወዲህ ዝቅ ያለው አስፋልት ላይ ወጥቷል፤ ሊሻገር የሞከረ አንድ ከባድ መኪና የኋላ ጎማው ከአስፋልቱ ተንሸራቶ መንገዱን አግድሞ ዘግቶታል። ትራክተር እንዲመጣ ተልኳል። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው የለም።

ወገኔ መኪናውን አቆመ። ቁጥሩ ስድሳ ዘጠኝ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ወዲያው እጁን ሰድዶ ማሞቂያውን አጠፋው።

«ምነው?» አለች አምሳል።

«እዚህ እስከ ስንት ሰዓት እንደምንቆይ አናውቅም። መብራቱን ይበላዋል።»

ካፖርቱን አውልቆ አባቱን ደራርቦ አለበሳቸው። ጥቂት ቆይቶ ግን የአቶ ገሰሰ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ከፊት ወንበር ተሰማ። አምሳል ምንም ሳትል ማሞቂያውን መልሳ ከፈተችው። ወገኔ ቁጥሩን ማየት ጀመረ። ዓይኑን ከቁጥሩ አላነሣም፤ ወረፋ ላይ ከፊቱ ያሉትን መኪናዎች ይቆጥር የነበረው እንደዚህ እንደሆነ አምሳል ገባት። ስድሳ ዘጠኝ። ብዙ ቆይቶ ስድሳ ስምንት። ከፊትና ከኋላቸው ያሉት ሾፌሮች ሞተራቸውን አጥፍተዋል፤ ስንት ቀን ተሰልፈው ያገኙትን ነዳጅ ቆመው አያቃጥሉትም። መስታወታቸው በትንፋሽ ተሸፍኗል።

ከቆሙ አንድ ሰዓት ሲሞላቸው ስድሳ ሰባት ሆነ።

ወገኔ አባቱ መተኛታቸውን በመስታወቱ አረጋገጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትየ፣ ያን ማክሰኞ በስልክ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ?» አለ።

አምሳል ታስታውሳለች። ማደያው ሲዘጋ ደውሎላት ነበር። እሷ አባቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ እግራቸው ሲያብጥ እያየች፣ በፍርሃትና በንዴት፣ «አባየ ቢሞቱ ወረፋ ላይ ነበርኩ ብለህ ልትቀብራቸው ነው?» አለችው። ከዚያ ስልኩን ዘጋችው። ያን ነገር ሁለቱም አንሥተውት አያውቁም።

«አስታውሳለሁ» አለች።

«አንች ወፍጮ ቤት ሆነሽ ታስቢያለሽ። ደብተርሽም ልክ ነው፣ ጎተራውም ልክ ነው። መሪውን የምይዘው ግን እኔ ነኝ። መኪናው የቆመ ቀን በእኔ እጅ ነው የሚቆመው። ሁለት ሞተር ያልኩት ለቤንዚኑ ብየ አይደለም። ያን ቃል ሁለተኛ መስማት ስለማልችል ነው።»

አምሳል መስኮቱን አየች። ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው፤ የሩዙ አረንጓዴ ጫፍ ብቻ ከውሃው በላይ ይታያል። ከሰው ጋር ስትከራከር ትክክል መሆን ትወዳለች፤ ብዙውን ጊዜም ትክክል ናት። አሁንም ስለ መኪናው ትክክል እንደሆነች ታውቃለች። ያ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ያልኩህ ልክ አልነበረም» አለች። «ያን ቀን አንተ ሁለት ሌሊት አልተኛህም፤ እኔ ደግሞ ፈርቼ ነበር። ጠዋትም ደገምኩት። አልደግመውም።» ከመስኮቱ ፊቷን መልሳ ጨመረች፤ «መኪናውን አንተ ነህ የምትነዳው። አንተ ወስን። ነጩን ካልክ ነጩን እንገዛለን፤ እኔም አፌን አልከፍትም።»

ወገኔ ዞር ብሎ አያት። እህቱ ትቀልድ እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን መረመረ። አትቀልድም።

መስታወቱ ተንኳኳ። ዘመነ ነው፤ ሐሙሲት ነዳጁን አግኝቶ፣ ሰው ጭኖ ሲመጣ ከእነሱ ኋላ ሦስተኛ ላይ ቆሟል። ራሱን በላስቲክ ሸፍኗል። አባትህን ልጠይቅ ነው ብሎ የመጣው፤ በተከፈተው መስታወት የወጣው ሙቀት ፊቱን ሲነካው ግን እጁን ወደ ውስጥ አስገባና እዚያው ተወው። እኔ ዘንድ አንዲት የሁለት ወር ልጅ የያዘች ሴት አለች፣ ልጁ በብርድ አለቀሰብኝ፣ ሞተሩን ባስነሣው ነዳጁ ለወረታ አይበቃኝም አለ።

ወገኔ ቁጥሩን አየ። ስድሳ ስድስት።

«አምጣት» አለ። «እዚህ ትሙቅ።»

ሴትየዋ መጥታ ከአቶ ገሰሰ እግር ሥር ተቀመጠች። ልጁ ጡቷን ይዞ ዝም አለ። አቶ ገሰሰ ነቅተው ነበር፤ እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጧትና በእጃቸው መስታወቱን ጠርገው ወደ ሜዳው ያዩ ጀመር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ሜዳ ከብት ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከብቶቹን ከሸጡ ወዲህም ሜዳ ሲያዩ ዓይናቸው ቀድሞ የሚፈልገው እነሱን ነው።

«ከብቶቹ ወርደዋል» አሉ።

«የት አባየ?»

«ያውልህ። ጠዋት ስናልፍ ዳገቱ ላይ ነበሩ። ውሃ ሲጨምር እረኛ ላም አያወርድም። ቀንሷል ማለት ነው። ትንሽ ጠብቁ፣ ጉልበት የነበረው ቁርጭምጭሚት ይሆናል።»

ወገኔ ጃንጥላ ይዞ ወረደና ሄዶ አየ። እውነት ነበር፤ በአስፋልቱ ጠርዝ ያሉት ድንጋዮች ጫፋቸው ብቅ ብሏል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲል ትራክተሩ ደረሰ፣ ከባድ መኪናውንም ጎትቶ አወጣው። ሴትየዋ ልጇን አቅፋ አቶ ገሰሰን መርቃ ወደ ዘመነ ሚኒባስ ተመለሰች። ወገኔ ከአንድ አይሱዙ ኋላ ሆኖ፣ መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ ገባበት። ውሃው የጎማውን ሲሶ እንኳ አልያዘም። ከወዲያ ሲወጡ መኪናው ያው ዝም እንዳለ ነበር። ወገኔ ግን በረዥሙ ተነፈሰ።

ወረታ የደረሱት ፀሐይ ከደመናው ሥር ለአፍታ ብቅ ብላ ስትጠልቅ ነው። ብሥራት ለአምሳል ደውሎ እንዴት ሆነላችሁ፣ የቱን ልያዝላችሁ ብሎ ጠየቀ። ወገኔን ጠይቀው ብላ ዘጋችው። ይኸን ማለት ከምታስበው በላይ ከበዳት፤ ስልኩን ኪሷ ከጨመረችም በኋላ እጇ እዚያው ቆየ።

ግቢው እንደ ተዉት ነው። መብራት አልመጣም። ከረቡዕ ጀምሮ የሚጠብቁት ገበሬዎች ጆንያቸውን በላስቲክ ሸፍነው ከመጋዘኑ ጣራ ሥር ተጠግተዋል፤ አህዮቻቸው በር ላይ ታስረዋል። አያ መንግሥቴ የሚባሉት ሽማግሌ ከናበጋ ወዲያ ነው የመጡት፤ ጎርፉ መንገዱን ሳይቆርጥባቸው ሊመለሱ ፈልገው ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ሰማይ ሲያዩ ከርመዋል። አምሳል አባቷን ደግፋ አስገብታ፣ አልጋቸው ላይ አስተኝታ፣ ጥቂት ሾርባ አቅምሳ ስትወጣ ወገኔን ግራጫው መኪና አጠገብ አገኘችው። ገመዱን ከኋላ አውጥቶ፣ በግቢው አስረዝሞ፣ ወፍጮው ግድግዳ ላይ ካለው ቆጣሪ አጠገብ አድርሶታል። መብራት በመጣ ቅጽበት ሊሰካው ነው የተዘጋጀው።

መብራቱም መጣ። መጀመሪያ መንገድ ላይ ያሉት ልጆች ጮኹ፣ ቀጥሎ የመጋዘኑ አምፖል ቦግ አለ። ገበሬዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነሡ።

አምሳል ቀድማ የምታውቀው አንድ ነገር አለ፤ ወገኔም ያውቀዋል። መስመሩ የወፍጮውን ዲናሞና መኪናውን ባንድ ላይ አይሸከምም። መብራት ሠሪው አይቶ ሌላ መስመር እስክታስገቢ በየተራ ተጠቀሚ ብሏታል። ወይ ወፍጮው ነው፣ ወይ መኪናው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሷ ነበረች ትእዛዙን የምትሰጥ። አሁን ደረጃው ላይ ቆማ ወገኔን አየች።

ወገኔ የገመዱን ጫፍ በእጁ ይዞ ቆሟል። አያ መንግሥቴ ላስቲኩን ከጆንያዎቻቸው ላይ እየገፈፉ ነው፤ ከእሳቸው ኋላ ሌሎቹ ተሰልፈዋል። ወገኔ ወደ መኪናው ሄደና በሩን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አየ። ሃምሳ ዘጠኝ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አምሳል አየችው፤ ከወረታ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወረታ እያለ በልቡ እየሄደ እየተመለሰ ነው።

ከዚያ በሩን ዘጋው። ገመዱን በክንዱ ላይ እየጠቀለለ ግቢውን አቋርጦ መጣና ከመኪናው ኋላ ከተተው።

«ማክሰኞም በዚሁ መኪና፣ ባለው መብራት ሄደን እንመለሳለን» አለ፣ እህቱን እያየ። «ሰዎቹ ይቅደሙ።»

ወፍጮ ቤቱ ገብቶ ማብሪያውን ወደ ላይ ገፋው፤ ዲናሞው መጀመሪያ አቃሰተ፣ ቀጥሎ ተነሣ። ወገኔ እጅጌውን ሰብስቦ በሩ ላይ ቆመ።

«አያ መንግሥቴ» አለ፤ «ጆንያውን ወዲህ ይበሉት።»